ሃያ ትልም፣ ሃያ ብር

ከሃያ ብር በላይ አስይዤ ተጫውቼ አላውቅም። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ቁማርተኛ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ወላሂ እውነቴን ነው። በስምንት ቀን አንድ ጊዜ ሃያ ብር ከኪሴ አወጣለሁ፤ ሌላ አልጨምርበትም። ሲያልቅ ስልኩን ኪሴ ከትቼ ዶማዬን አነሳለሁ። ጫት ላይና ሙግት ላይ ከዚህ ያነሰ የሚያጠፋ ወንድ መርሳ ገበያ ውስጥ ካለ ይምጣና ይውቀሰኝ እል ነበር። የመጣ የለም። ደንብ አውጥቼ ደንቤን ጠበቅሁ። ጥፋቴም የመጣው ከዚያው ከደንቤ ነው።

መሬቴ ከመርሳ ወረድ ብሎ ወንዙ ዳር ነው። ጠባብ ናት፤ በበጋ ሽንኩርት አለማባታለሁ። ውሃውን ከወንዙ በአንድ ቦይ ጠልፈን ዘጠኝ ሰዎች እንካፈላለን። በስምንት ቀን አንድ ቀን የኛ ወገን ተራ ይሆናል፤ በዚያች ቀን ጠዋት ከላይኛው ማሳ ይጀመርና እየተቀባበልን ወደ ታች እናወርደዋለን። እኔ ስምንተኛ ነበርኩ። ዘጠነኛዋ፣ ጫፍ ላይ ያለችው፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ናት። ፀሐይ ስትጠልቅ ቦዩ ይዘጋና ውሃው ለወንዝ ማዶ ሰዎች ይሄዳል። እስከ መግሪብ ያልጠጣ ማሳ ሌላ ስምንት ቀን ይጠማል።

በዚህ ቦይ ላይ ሰዓት የለም። አያቶቻችን ሰዓት አልነበራቸውም፤ እኛም ሰዓት ስንገዛ ደንቡን አልቀየርነውም። ተራህ የሚያልቀው ውሃው የመጨረሻ ትልምህን ጫፍ ሲነካ ነው። ያኔ «ደረሰ!» ብለህ ትጮሃለህ፤ ቀጣዩ ሰው ቦዩን ወደ ራሱ ይሰብራል። ቆሞ የሚጠብቅህ የለም። የውሃ አባት የምንላቸው ሽማግሌ አሉ፤ ጠብ ሲነሳ ይዳኛሉ እንጂ በየትልሙ አይዞሩም። ሰዓቱ የሰው ቃል ነው። የጎረቤቴ ሽንኩርት የሚጠጣው እኔ «ደረሰ» ስል ነበር።

ጨዋታውን ያሳየኝ አንድ ባጃጅ ነጂ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ሰው እየጠበቀ ስልኩን በአውራ ጣቱ ይነካል፤ በሦስት መስኮት ውስጥ ሥዕሎች ይሽከረከሩና ይቆማሉ። ሎሚ፣ ደወል፣ ሰባት ቁጥር አለ፤ አንድ ቀይ ፍሬም አለ፣ እኔ እሸት ቡና ነው ብዬ የገመትኩት። ሦስቱ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ብር ይሰጣል።

«ማንበብ ይጠይቃል?» አልኩት።

«ማንበብ ቢጠይቅ እኔ ምን አባቴ እሠራበት ነበር?» ብሎ ሳቀ።

ልቤን የወሰደው ይህ ነው። እስከ አርባ ዓመቴ ድረስ ማንበብ የማይጠይቅ ነገር ሁሉ ለኔ ወይ ሸክም ነበር ወይ ዶማ።

ሚስቴ ስታውቅ አልጮኸችም።

«ሐራም ነው» አለች።

«ሃያ ብር ናት እኮ። ርካሽ ሐራም ናት።»

«ሐራም ርካሽ የለውም። ርካሽ ከሆነልህ ሌላ ሰው እየከፈለልህ ነው።»

ምላሷ ስለታም ነው ብዬ አለፍኩት።

በዚያው ሰሞን ፊደል እየቆጠርኩ ነበር። ያስተማረኝ የዚያች የጫፏ ጎረቤቴ ልጅ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ አጥቶ ተቀምጧል። በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ በቀበሌው መጋዘን የማዳበሪያ ከረጢት ላይ አስቀምጦ እኛን ጎልማሶቹን ያስቆጥረናል። ከኛ ውስጥ እርሳስ ይዞ የሚያውቅ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ኧረ ቀስ ይበሉ፤ ወረቀቱን ቆፈሩት እኮ» ይለኛል። «ሽንኩርት ሊተክሉበት ነው?»

ሰዉ ይስቃል። እኔ ግን አልቀየምም። ሃምሳ ሰው ፊት መሃይም ብሎ የሰደበኝ የቢሮ ሰው አውቃለሁ፤ ይህ ልጅ እየቀለደም አንቱ ይለኝ ነበር።

ብቻዬን ያነበብኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ ግን የሱ ሰሌዳ ላይ አልነበረም። ስልኬ ላይ ነው፤ «እንደገና ይሞክሩ» ይላል። ፊደል በፊደል ለቅሜ ስደርስበት ደስ አለኝና ለልጁ ነገርኩት። ከየት እንዳነበብኩት ዋጥ አደረግሁ።

«ማሻአላህ ጋሼ» አለኝ። «ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ቃል የለም።»

ጦርነቱ ያኔ ከኛ በላይ ነበር፣ ሩቅ። ወጣት ግን ይጠራ ነበር። ልጁ ስሙን አስመዝግቦ ለእናቱ የነገራት ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። የሚሄዱበት ቀን መንገድ ዳር ሸኘናቸው። መኪናው ላይ ከመውጣቱ በፊት እጄን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ።

«ጋሼ፣ እናቴ ሲበድሏት አትናገርም። ውሃ ቢቀርባት ዝም ነው የምትለው። ከላይዋ ያሉት እርስዎ ነዎት። አደራ።»

«ተቀብያለሁ። አላህ ምስክሬ ነው» አልኩት።

«ንባቡንም እንዳይተዉት።»

መኪናው ወደ ወልድያ አቅጣጫ ሄደ። እናቱ አላለቀሰችም። ሌሎቹ እናቶች ሲጮሁ እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መኪናውን ታይ ነበር።

አሁን ወደ ትልሙ ልምጣ። ማሳዬ ላይ ሃያ ትልም ነበረኝ። ጨዋታው በአንድ ብር አንድ ጊዜ ይሽከረከራል። አንዱ ትልም ሲሞላ አንድ ጊዜ እነካለሁ፤ ውሃውን ወደሚቀጥለው እመልሳለሁ፤ እሱ እስኪሞላ አልነካም። ትልም ሳይሞላ መንካት የለም፤ ደንቤ ይህ ነው። ሃያ ትልም፣ ሃያ ብር። እንዴት እንደምኮራበት! የከተማ ልጅ በአሥር ደቂቃ የወር ደሞዝ ያስበላል፤ እኔን የሚያቆመኝ መሬት አለ እል ነበር።

ጨዋታው ታዲያ አንዳንዴ ይሰጣል። በሃያ ብር ገብተህ ሃያው ትልም ሲሞላ ሠላሳ አምስት ብር ስልኩ ላይ ይቀራል። ብሩ አለ፣ ትልም የለም። ወይ ብሩን አውጥቼ መሄድ፣ ወይ ደንቡን ማፍረስ ነበረብኝ። እኔ ሌላ መንገድ አገኘሁ። ልጁ በሄደ ሰሞን የመጀመሪያውን ሽንኩርት ነቅዬ ሁለተኛውን ለመትከል ማሳዬን ሳዘጋጅ፣ ትልሞቹን አጥብቤ አርባ አደረግኋቸው። በዚያም አላበቃሁ። ቀጥ ብለው ይሄዱ የነበሩትን እንደ እባብ አጣመምኳቸው፤ ውሃው እየዞረ፣ እየቆመ፣ እያሰበ እንዲሄድ። ደንቤን አላፈረስኩም። ማሳዬን አፈረስኩ።

ለራሴ ምን እንዳልኩት አላስታውስም። የሆነ ነገር ብዬ ይሆናል፤ ሰው ሲያጠፋ ሁልጊዜ የሚለው አያጣም።

የኔ ተራ ከዙህር ሶላት በኋላ ጀምሮ የአሥር ሶላት ሳይሰገድ ያልቅ ነበር። አሁን ከአሥር ሶላት እያለፈ ሄደ። ጎረቤቴ ከማሳዋ ራስ ላይ ዶማዋን ተደግፋ ትጠብቃለች።

«አንተ! ውሃህ ይሰግዳል እንዴ?» ትለኛለች ጮክ ብላ። «በየትልሙ ሩኩዕ ይወርዳል!»

«ታገሺ ሴትዮ፤ መሬቱ ደርቆ ነው።»

«መሬቱ ነው የደረቀው ወይስ አንተ?»

ትስቃለች። ልጇ አትናገርም ብሎኝ ነበር፤ እውነትም ከቀልድ ሌላ አልተናገረችም። የእንዲህ ዓይነት ሴት አቤቱታ ቀልዷ እንደሆነ የማላውቅ ሆኜ አይደለም።

አንድ ቀን አንድ የግብርና ባለሙያ ከሲሪንቃ ወደ መርሳ ሲያልፍ ማሳዬን አይቶ ቆመ። ትልሞቹን በስልኩ ፎቶ አነሳ። «ይህን ማን መከረህ?» አለኝ።

«ማንም።»

«እርጥበት የሚያቆይ አሠራር ነው። አርሶ አደሩ በራሱ ሲፈጥር ማየት ደስ ይላል» ብሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝና ሄደ። ከላዬ ያለው ባለማሳ ይህን ሰምቶ በሳምንቱ የራሱንም ትልም አጣመመ። እኔ ሳቅሁ። ሁለታችንም ያዘገየነው ውሃ ማን ላይ እንደሚያጥር አላሰብኩም ብል ዋሸሁ። አስቤአለሁ። አስቤ ተጫወትኩ።

እስከዚያች ቀን ድረስ ግን አልዋሸሁም ማለት እችል ነበር። ውሃው ሲደርስ «ደረሰ» እል ነበር፤ ዘግይቶ ቢደርስም ደርሶ ነው። በዚያች ቀን ሠላሳ ዘጠነኛው ትልም ላይ ሁለት ሰባት ቁጥር ቆመልኝና ሦስተኛው ለጥቂት አለፈ። ውሃውን ወደ አርባኛው መለስኩ፤ የመጨረሻው ነው። ስልኩ ላይ ገና አሥራ ሁለት ብር አለ። አርባኛው ሲሞላ ነካሁ፤ ሎሚ፣ ሎሚ፣ ደወል። ውሃው ጫፍ ላይ ለምልክት የተከልኳትን የማሽላ አገዳ አልፎ ወደ ድንበሩ ሣር መፍሰስ ጀመረ። ፀሐይዋ ተራራው ላይ ተቀምጣለች።

«ደረሰ ወይ?» አለች ጎረቤቴ ከታች።

ደርሶ ነበር። እግሬ ሥር ነበር፤ ጫማዬ ውስጥ ገብቷል።

«አልደረሰም!» አልኩ።

አንድ ጊዜ ነካሁ። ደግሜ ነካሁ። ያለ ትልም። በስድስተኛው ሦስት ሰባት ቁጥር እኩል ቆሙ፤ ስልኩ ዘፈነ፤ ሦስት መቶ አርባ ብር ይላል፣ «እንኳን ደስ አለዎት» ይላል። ቀና ስል መግሪብ አዛን እያለ ነው። «ደረሰ!» ብዬ ጮህኩ። ቦዩን ሰብራ ሁለት ትልም እንደሞላች የማዶ ሰዎች መጥተው ዘጉት። ሮጣ ወጥታ አልለመነቻቸውም። ዶማዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከጎኔ ስታልፍ «እንደምን አመሸህ» አለችኝ።

ሽንኩርቷ ሲነቀል ነጭ ሽንኩርት ያክላል። የወልድያ ነጋዴዎች በእጃቸው ገለበጥ ገለበጥ አድርገው ለከብት ነው ለሰው እያሉ ቀለዱባት። በሌላው ዓመት በሽንኩርቷ ዋጋ ክረምቱን የሚያሻግራትን ማሽላ ትገዛ ነበር። በዚያ ዓመት ያገኘችው አንድ ኩንታል ነው። የኔ ጎተራ ሞልቶ ነበር።

ጦርነቱ እኛ ዘንድ በክረምቱ መጣ። መጀመሪያ የወልድያ ሰው በመንገዱ መውረድ ጀመረ፤ በመኪና፣ በባጃጅ፣ ኋላ ላይ በእግሩ፤ ሴቶች ፍራሽ ተሸክመው። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ከዚያ ከባድ መሣሪያው ተሰማ። ኔትወርክ የለም፣ መብራት የለም፣ ወፍጮ ቆመ፣ ባንክ ተዘጋ። ስለነዚያ ወራት ብዙ ሰው ብዙ ጽፏል፤ ሁሉም ጀግና ሆኖ ወጥቷል። እኔ ያየሁት ሰው የሚበላው ሲያልቅበት ነው። የበሬውን መኖ ለቅሞ የቀቀለ አውቃለሁ። ቤቱን ቆልፎ ጎረቤቱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚበላ በጭሱ የቆጠረ አውቃለሁ።

የጎረቤቴ ማሽላ መስከረም ሳይጋመስ አለቀ። ማለቁን ያወቅሁት ጭሷ ሲጠፋ ነው። ሚስቴ ምንም ሳትለኝ ቁናውን ሞልታ በሩ ላይ አስቀመጠችው። ወሰድኩላት።

ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰውነቷ አልቆ እጇ ላይ አምባሯ ይዞራል።

«አላህ ቤትህን ይሙላው» አለችኝ። «ልጄ አደራ ያለህ ሰው አውቆ ነው።»

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ቁናውን ገልብጬ ልሄድ ስል አስቆመችኝ።

«ወንዙ ምን ሆነ ትላለህ ግን? በጋውን ሙሉ እኔ ጋ ሲደርስ ያልቃል። ከላይ በኩል ደም ስለፈሰሰበት ነው አይደል ያኮረፈው? በየጁምዓው ሰደቃ አወጣሁ። ዱዓ አስደረግሁ። እምቢ ሲለኝ ረገምኩት። አሁን እሱን መርገሜ ልጄ ላይ ይደርስ ይሆን ብዬ እፈራለሁ።»

«ወንዝ እርግማን አይሰማም» አልኩና ሄድኩ። ቁና እየወሰድኩ በየሁለት ሳምንቱ ተመላለስኩ፤ በሄድኩ ቁጥር መረቀችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኬ መደርደሪያ ላይ ሞቶ ተቀምጧል፤ ውስጡ ሦስት መቶ አርባ ብር አለ። ያን ሁሉ ውሃ ያፈሰስኩበት ብር አንድ ቁና ማሽላ አልገዛም።

ወራቱ አልፎ አገሩን ይዘው የነበሩት ተዋጊዎች ወጡ፤ መንገዱ ተከፈተ፤ ቆይቶ ኔትወርክም መጣ። ሰው ሁሉ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ ያለቅሳል፤ የሞተ ይሰማል፣ የተገኘ ይሰማል። የጎረቤቴ ልጅ አልሞተም አልተገኘምም፤ ቁጥሩ አይጠራም። የኔ ስልክ ሲነቃ መጀመሪያ የመጣልኝ መልእክት የጨዋታው ነው። አሁን ሳልንተባተብ አነባለሁ። «እንኳን ደህና ተመለሱ። ሃያ ነፃ ዙር ተሰጥቶዎታል» ይላል። ልጁ ነው ይህን እንዳነብ ያደረገኝ።

በጋው ሲገባ ዘጠኛችን ቦዩን እንጠርጋለን፤ ጠርገን ስንጨርስ የውሃ አባት ተራ ያጸናሉ። ሁሌም ያው ተራ ነው፤ ማንም የሚናገረው የለም። በዚያች ቀን እኔ ተነሳሁ።

«አባባ፣ ዘጠነኛ አድርጉኝ። እሷ ስምንተኛ ትሁን» አልኩ።

ሰዉ ተያየ። «የክረምቱ ጥይት ራሱን ነክቶታል» አለ አንዱ። «ጫፍ የሚለምን ሰው ዛሬ ገና አየን!»

«ምክንያት አለህ?» አሉኝ የውሃ አባት።

ቀላሉን መንገድ አስቤ ነበር፤ ባሏ የሞተባት ናት፣ ልጇ አልመጣም፣ ለጽድቅ ነው ልል። ሰዉም ይመርቀኝ ነበር። አፌን ስከፍት ግን ቀና ብላ አየችኝ፤ ልትመርቀኝ እንደሆነ ገባኝ። እሱን መሸከም አልቻልኩም።

ነገርኳቸው። ሃያ ብሯን፣ ሎሚውንና ደወሉን፣ ትልሙን ለምን እንዳጣመምኩ፣ ጫማዬ ውስጥ ውሃ ገብቶ «አልደረሰም» ያልኩባትን ቀን። ከዚያ ከላዬ ያለው ባለማሳ ዶማውን ጣለ።

«ቆይ! ያ ባለሙያው ያመሰገነው ትልም? ወላሂ እኔ ከሱ ቀድቼ ነው ያጣመምኩት!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። «አንተ ደግሞ ሳትበላ ቁማርተኛ ሆንክ!» አሉት። ያን ሁሉ ወር ያልሳቀ ሰው ነው፤ አልፈርድባቸውም። የውሃ አባት አልሳቁም። እሷም አልሳቀችም።

«የተበደልሽው አንቺ ነሽ» አሏት። «ተናገሪ።»

ወደ እኔ አልዞረችም፤ ቦዩን ነበር የምታየው።

«እኔ ወንዙን ነው የረገምኩት» አለች። «ስንት ጁምዓ። ምንም ሳያጠፋ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «መጀመሪያ ሄጄ እሱን ይቅር በለኝ እላለሁ። አንተ ቆይ።»

ተነስታ ሄደች። ወደ ወንዙ ነው የሄደችው።

እስካሁን እየቆየሁ ነው። ይቅር አላለችኝም፣ አልከሰሰችኝምም። ቁና ስወስድላት እንደ ፊቱ ትቀበላለች፤ ምርቃቱ ግን ቀርቷል። ልጇ አልመጣም። ትልሞቼን መልሼ ቀጥ አደረግኋቸው፣ ሃያ ናቸው። ሦስት መቶ አርባ ብሩ ስልኩ ውስጥ ነው፤ እንዳልበላው ሐራም ነው፣ እንዳልጫወትበት ለጨዋታ የሚተርፍ ትልም የለኝም። አንዳንድ ቀን ጣቴ ይበላኛል፤ አይበላኝም ብዬ አልዋሽም።

አሁን ስምንተኛዋ እሷ ናት፣ ዘጠነኛው እኔ። ማሳዬ ራስ ላይ ዶማዬን ተደግፌ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ብታዘገይብኝ እላለሁ። ውሃው እግሯ ሥር እየፈሰሰ አልደረሰም ብትለኝ፣ ፀሐይ ተራራው ላይ እስክትቀመጥ ብታስጠብቀኝ። ያኔ ተካካስን ብዬ እተኛ ነበር። የመጨረሻ ትልሟ ጫፍ ላይ ቆማ ታየዋለች፤ ውሃው አገዳዋን ገና ሲነካ፣ አንዲት እርምጃ ሳታሳልፍ፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር ትጮሃለች።

«ደረሰ!»

ቦዩን እሰብራለሁ።